ዲድኮት ላይ ያልወረደችው እናቴ

እናቴ ዳዊቷ ውስጥ ሁለት የባቡር ትኬቶች አሏት። ጠርዛቸው ብርቱካናማ የሆነ ትንንሽ ካርዶች ናቸው። አንዱ ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ዲድኮት ይላል። ሌላው ከዲድኮት እስከ ብሪስቶል። እናቴ ግን ዲድኮት አልወረደችም። ባቡርም አልቀየረችም። ከተቀመጠችበት ወንበር ንቅንቅ ሳትል ነው ብሪስቶል የደረሰችው።

እነዚህን ትኬቶች የፈለግኳቸው እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ። ከአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሌላ ተሳፍሬ አላውቅም። ጎጃም ውስጥ ሐዲድ የሚባል ነገር የለም። ያም ሆኖ ያን ሰሞን የእንግሊዝን የባቡር ዋጋ እንደ ጎረቤት ጉዳይ ሳብሰለስለው ከረምኩ። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። ከውስጤ ግን አልወጣም።

ሥራው እኔ ላይ ወደቀ

ታናሽ እህቴ ብሪስቶል ነው የተማረችው። ምርቃቷ ሐምሌ ላይ ሆነ። እማዬ ካልመጣች አልመረቅም ብላ ቪዛውን አስጨረሰች፤ የአውሮፕላኑንም ትኬት ቆረጠች። የቀረው ከለንደን ብሪስቶል ያለው መንገድ ነበር። 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማርቆስ ተነሥቶ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ፍቼ እንደ መድረስ ማለት ነው።

እህቴ ያኔ ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። ጠዋት ገብታ ትተኛለች። «ወንድም ጋሼ፣ የሒሳብ ሰው አይደለህ? ርካሹን ፈልግልኝ። ከፋይዋ እኔ ነኝ» ብላ በቴሌግራም በድምፅ ላከችልኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም። አንድ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው ብዬ ጀመርኩት። አራት ሌሊት ወሰደብኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ነበር። ያውም መሄጃ ብቻ። ደነገጥኩ። ሰዓቱን ለወጥ አድርጌ ብሞክር በብዙ ወረደ። ቀኑን ብለውጥ እንደገና ወረደ። ባቡሩ ያው ነው፤ መንገዱም ያው ነው። እኔ ያደግሁት የመናኸሪያ ታሪፍ እያየሁ ነው። ኪሎ ሜትሩና የመኪናው ደረጃ ከታወቀ ዋጋው ይታወቃል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ጠዋት ሂድ፣ ማታ ሂድ፣ ለውጥ የለውም። እዚያ ግን ዋጋው ከመንገዱ ይልቅ የተሳፋሪውን ሁኔታ ይጠይቃል። መቼ ወሰንክ? በስንት ሰዓት ትነሣለህ? ሐሳብህን ብትቀይርስ? ዕድሜህ ስንት ነው?

ቀስ እያልኩ ገባኝ። በማንኛውም ሰዓት የሚያስኬደው ትኬት ውዱ ነው። ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ የሚሠራው ይረክሳል። ከሁሉም የሚረክሰው ቀድሞ የሚቆረጠው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው እስከ 12 ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ይወጣል። ግን ለተባለው ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው። ያ ባቡር ካመለጠ ትኬቱ ሞተ ማለት ነው።

እማዬ ደግሞ 64 ዓመቷ ነው። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ስንት ሰዓት እንደሚያቆማት ማን ያውቃል? ሻንጣዋ ቢዘገይስ? በርበሬውንና ሽሮውን ፈታችሁ አሳዩ ቢሏትስ? በዚያ ሁሉ ላይ «ባቡሩ አመለጠሽ» የሚል ጭንቀት ልጨምርባት አልፈለግሁም። ርካሹን ትቼ፣ በፈለገችው ባቡር የሚያስኬዳትን ፍለጋ ገባሁ።

ደርሶ መልስ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ከመሄጃ ብቻ በትንሽ ነው የሚበልጠው። ያም ደስ ብሎኝ ነበር። የመመለሻው ዕድሜ ግን አንድ ወር ሆኖ አገኘሁት። እማዬ ሁለት ወር ነው የምትቆየው። ተውኩት። ከዚያ 60 ዓመት ለሞላው ሰው የቅናሽ ካርድ እንዳለ አየሁ። ያኔ በዓመት 30 ፓውንድ ነበር፤ ከትኬት ዋጋ ላይ ሲሶውን ይቀንሳል። ፓስፖርት ካላት ለእንግዳም ይሰጣል። እሰይ አልኩ። ይኸኛውም ጠባይ አለው። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ጉዞው ለንደንና ደቡብ ምሥራቅ ክልል ውስጥ ጀምሮ እዚያው ካለቀ አይሠራም። ጉዞው ከክልሉ ከወጣ ግን ይሠራል።

የባቡር ኩባንያዎቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 አካባቢ ይናገሩት የነበረ ቁጥር አለ። በአገሪቱ ወደ 55 ሚሊዮን የሚጠጉ የተለያዩ ዋጋዎች አሉ ይላል። ይህን ቁጥር ያየሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ሥራውን እሺ የምል አይመስለኝም።

ዲድኮት

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ነው። ከጮቄ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራት ሄዷል። እማዬ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። እኔ በስልኬ ብርሃን ደብተር ላይ ቁጥር እጽፋለሁ።

ባቡሩ የሚቆምባቸውን ጣቢያዎች በተራ ጻፍኳቸው። ሬዲንግ፣ ዲድኮት፣ ስዊንደን፣ ቺፕነም፣ ባዝ፣ ብሪስቶል። ከዚያ የየቁራጩን ዋጋ ለየብቻ ማየት ጀመርኩ። የአስተማሪ ልማድ ነው። ክፍሎቹ ሲደመሩ ሙሉውን ይሰጣሉ ብዬ ለልጆች የማስተምር ሰው ነኝ።

እዚህ ግን አልሰጡም። ከለንደን ዲድኮት ያለውን፣ ከዲድኮት ብሪስቶል ካለው ጋር ደመርኩ። ከሙሉው ሲሶ ያህል ጎደለ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ደመርኩ። ያው ነው። ይህን ማድረግ ይፈቀድ እንደሆን ደንቡን ፈልጌ አነበብኩ። ይፈቀዳል። ባቡሩ እዚያ ጣቢያ ላይ መቆም ብቻ ነው ያለበት። ተሳፋሪው መውረድ የለበትም።

«እማዬ፣ ተኛሽ?»

«አልተኛሁም። ምን ሆንክ?»

ነገርኳት። በአንድ ትኬት ከሄደች ይህን ያህል፣ በሁለት ትኬት ከሄደች ይህን ያህል። ባቡሩ አንድ፣ ወንበሩ አንድ። መሐል ላይ ያለች አንዲት ከተማ ላይ በወረቀት ብቻ ትወርጃለሽ አልኳት።

መቁጠሪያዋን አቆመች። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! እኔ እዚያ ባቡር ላይ ሁለት ሰው ነኝ እንዴ?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ትንሽ ዝም አለችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ይህን የማያውቅ ሰውስ?»

«ሙሉውን ይከፍላል።»

«አጠገቤ ተቀምጦ?»

«አዎ። አጠገብሽ ተቀምጦ።»

ዝናቡ በረታ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ተኛች ብዬ ወደ ደብተሬ ልመለስ ስል፣ «ከደምበጫ እንደ መሳፈር በለኛ» አለች።

ያቺ አባባል ናት እስከ ዛሬ የምትከነክነኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። በፊት ግን ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝን ልንገራችሁ፤ ምክንያት አለው። በእንግሊዝ ለእያንዳንዱ የጣቢያ ጥንድ ለብቻው የተቀመጠ ዋጋ አለ። ጠዋት ከለንደን ብሪስቶል የሚሄደው ብዙው ሰው ለሥራ የሚሄድ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል። ስለዚህ ያ ዋጋ ከፍ ተደርጓል። በለንደን ዙሪያ ሠራተኛ በየቀኑ የሚመላለስባቸው ዋጋዎች ደግሞ ብዙዎቹ መንግሥት ጣሪያ ያበጀላቸው ናቸው። ሁለቱን ዋጋ አንድ እጅ አላወጣቸውም፤ አንድ ላይ አስቀምጦም ያመሳከራቸው የለም።

ሰዓቱም አለ። ባቡሩ ከለንደን ሲነሣ ገና ውዱ ሰዓት ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ገደማ ዲድኮት ሲደርስ ግን ያ ሰዓት አልፏል። ሁለተኛው ትኬት ከዚያ ስለሚጀምር በርካሹ ሰዓት ይቆጠራል። በአንድ ትኬት ብትሄድ ግን ጉዞው በሙሉ በውዱ ሰዓት ይታሰብባት ነበር። ያቺ የቅናሽ ካርድም ግማሽ መንገድ ላይ ብቻ ነው የጠቀመችን። ከለንደን ዲድኮት ክልሉ ውስጥ ስለሚያልቅ ጠዋት አትሠራም። ከዲድኮት ወዲያ ሠራች። እያንዳንዱን ነገር ስንቆርጠው ሌላ ነገር ይፈታ ነበር።

ከደምበጫ መሳፈር

እናቴ የደምበጫ ልጅ ናት። አባቴ ታሞ አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ ከደምበጫ ነበር የምትመላለሰው። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ደምበጫ ሲደርስ አንድ ወይም ሁለት ወንበር ቢኖረው ነው። መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀዋለች። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ዋጋ ይጠራል። የሚጠራው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን ነው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከዚህ ነው የምሳፈረው» ትለዋለች። «ወንበሩ የባሕር ዳር ነው እናቴ። ከፈለጉ ይውጡ» ይላታል። ትወጣለች። ምን ታድርግ? ያልሄደችበትን የዳንግላን፣ የእንጅባራን፣ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን መንገድ ከፍላ ትገባለች።

አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩ። የበዓል ሰሞን ስለነበር ታሪፍ የሚባል ነገር ጠፍቷል። አጠገባችን አንድ ገበሬ ልጁን ታቅፎ ተቀምጧል። ልጁ ታሟል፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ነው የሚወስደው። የገበሬው እጅ ውስጥ ገንዘቡ በላብ ርሶ ነበር። የተጠየቀውን ቆጥሮ ሰጠ። አልተከራከረም። ኬላው ሊደርስ ሲል ረዳቱ ተነሥቶ ቆመ። «ትራፊክ ሲጠይቃችሁ በታሪፍ ነው የከፈልነው በሉ። አለዚያ እዚሁ እናድራለን» አለ። ሁላችንም ሰማን።

ትራፊኩ ገባ። «ስንት ከፈላችሁ?» አለ። «በታሪፍ! በታሪፍ!» አለ ሰዉ። እማዬ ግን የከፈለችውን ተናገረች። ከደምበጫ መሳፈሯን፣ ከባሕር ዳር መክፈሏን፣ በዚያ ላይ የተጨመረውን፤ ሁሉንም። አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ፤ ክርክር ተነሣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን።

ሰዉ በማን የተቆጣ ይመስላችኋል? በእናቴ። «እሳቸው ባይናገሩ እኮ ደርሰን ነበር» አሉ። ያ ገበሬ ብቻ ምንም አላለም። ልጁን እያየ ነበር። በመጨረሻ ለሁላችንም የተወሰነ ብር ተመለሰልን። ገበሬው ብሩን ተቀብሎ እናቴን በዓይኑ አመሰገናት። እኔ ግን ያን ቀን በእናቴ አፍሬ ነበር። ወጣት ነበርኩ። ዝም ብትል ኖሮ ብዬ አስብ ነበር። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው፣ እናቴ በመናገሯ አቀረቀርኩ።

«ከደምበጫ እንደ መሳፈር በለኛ» ስትለኝ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። መጀመሪያ ልከራከራት ፈለግሁ። እማዬ፣ ይህ ሌላ ነው። የእኛው ሕግ መጣስ ነው፤ የእነሱ ሕጉ ራሱ ነው። ረዳቱ ከኪስሽ ይወስዳል፤ እዚያ ግን ማንም አላታለለሽም፤ ሁሉም ተጽፏል ልላት። አልተናገርኩም። እሷ ያየችው ከወንበሩ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ብዙ ከፍሏል፤ አንዱ ትንሽ። ልዩነታቸው አንዱ የሚፈልግለት ሰው ያለው መሆኑ ነው።

ደክሞት የሚከፍል

በማግስቱ ስክሪንሾቱን ለእህቴ ላክሁላት። ከሥራ ስትወጣ ደወለች። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፅዋ ግን ቀዘቀዘ። «ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቢያው ያለው ማሽን ላይ የወጣውን ነበር የምከፍለው» አለችኝ። ለኤምባሲ ጉዳይ ለንደን ስትሄድ፣ ለጥምቀት ለንደን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ሁልጊዜ። በዚህ ዓይነት መቆራረጥ ይቻላል ሲባል አንዴ ሰምታለች። ግን ሌሊት ሽማግሌ ስታገላብጥ አድራ፣ ቀን ክፍል ተቀምጣ፣ በምን አእምሮዋ ትፈልገው?

እህቴ ከእኔ ትበልጣለች። በትምህርትም በብልጠትም። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። አገሩ ላይ ናት። እኔ ደግሞ መብራት በሌለበት ቤት፣ አንድም ቀን ያላየሁትን ባቡር ዋጋ አገኘሁት። ያገኘሁት አራት ሌሊት ስለነበረኝ ነው። እሷ የነበራት ድካም ነው። ርካሹ ትኬት ርካሽ አይደለም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ጎደሎውን አንድ ሰው በጊዜው ይሞላዋል። ጊዜ የሌለው በገንዘቡ ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጊዜ የሌለው ሰው ያው ገንዘብ የሌለው ነው። እንደ እህቴ ሌሊት የሚሠራ፣ እንደዚያ ገበሬ የታመመ ልጅ የታቀፈ። ያ ገበሬ ነገ ይረክሳል ብሎ ማደር አይችልም።

የሌላውን ወገን ሐሳብም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቀድሞ የሚቆረጠው ርካሽ ትኬት ባይኖር ኖሮ ብዙ ተማሪ አይጓዝም ነበር። ባዶ ወንበር ለማንም አይጠቅምም። እኛ ዘንድ ሐምሌ ላይ ከማርቆስ ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚወጣ አውቶቡስ ያንኑ ታሪፍ ነው የሚጠይቀው። ቢቀንስ ኖሮ አንድ ሁለት ሰው ዘመዱን ጠይቆ ይመለስ ነበር። ዋጋ እንደ ሰዓቱና እንደ ቀኑ ቢለያይ ክፋት የለውም።

የማልቀበለው ዲድኮትን ነው። ከፓዲንግተን እስከ ብሪስቶል ብለህ ከጠየቅህ፣ የዚያን ጉዞ ዋጋ ይነግሩሃል። ያው ጉዞ ሲቆረጥ እንደሚረክስ ኮምፒውተሩ ያውቃል። ሻጩ የሚያውቀውን ለገዢው መንገር አለበት ባይ ነኝ። በእኛም በኩል፣ ከደምበጫ የተሳፈረ ሰው የደምበጫን ይክፈል። በሁለቱም አገር ዋጋው ተሳፋሪው ሳይጠይቅ ይነገረው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሰው የሌለውስ?

ወረቀቱ

እማዬ በሰላም ደረሰች። ትኬቶቹን የእህቴ ጓደኛ ፓዲንግተን ላይ ከማሽን አውጥታ ሰጠቻት። እማዬ ሁለቱንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ቋጠሮውን ፈታ ሁለቱንም ዘረጋችለት። አይቶ ፈገግ ብሎ አለፈ አለችኝ። ዲድኮት ሲደርሱ በመስኮት ስታይ ነበር። «ያቺ ከተማ ለእኔ ውለታ ውላለች» ትላለች እስከ ዛሬ። ብሪስቶል ላይ የመውጫው ማሽን ሁለተኛውን ትኬት ሊያስቀርባት ነበር። እህቴ ሠራተኛውን ለምና አስተረፈችላት።

የተመለሰችው እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ተቀበልኳት። በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ደረስን። ሰዉ ጢም ብሏል። አንድ ልጅ ሻንጣዋን ይዞ «ማርቆስ ነው እናቴ? ይግቡ፣ ሁለት ወንበር ነው የቀረኝ» አለ። ዋጋውን ጠራ። እኔ ብር ለማውጣት እጄን ኪሴ ከትቻለሁ።

«ታሪፉ ስንት ነው?» አለችው እማዬ።

«በዓል ነው እኮ እናቴ።»

«በዓሉን አውቃለሁ ልጄ። ታሪፉን ነው የጠየቅሁህ። የት ተለጥፏል?»

በአገጩ ወደ ግድግዳው አሳየ። ሻንጣዋን ከእጁ ተቀብላ ሄደች። ተከተልኳት። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ግድግዳ ሥር ለዓመታት ተመላልሻለሁ። የእንግሊዝን የባቡር ደንብ አራት ሌሊት ተቀምጬ ያነበብኩ ሰው፣ ያችን ወረቀት አንድም ቀን ቆሜ አላነበብኳትም። ዝናብ አግኝቷት ጫፏ ተልጧል። የስልኬን መብራት አበራሁላት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ደጀን። ደብረ ማርቆስ። ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ደረጃ ሦስት።

አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ከኋላቸው ልጅ ያዘለች ሴት። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች።

«ምን ይላል እናቴ? እኔ ፍኖተ ሰላም ነኝ» አለች ሴትዮዋ።

እማዬ መነጽሯን አስተካክላ አንድ መስመር ወረደች። ጮክ ብላ አነበበችላት።